ልጆቻችን በገበያም ይጹሙ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ጾም እናስለምደዋለን። መጀመሪያ እስከ ረፋድ፣ ቆይቶ እስከ ቀትር እያልን፣ አቅሙ ሲጠነክር ከእኛ እኩል ይጾማል። ሳያለማምድ ልጁን በአንድ ጊዜ «55ቱንም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹም» የሚል ወላጅ የለም። በገንዘብ ግን እንዲህ አናደርግም። ዐሥራ አምስት ዓመት እስኪሞላው ብር እንዳይነካ ከልክለነው እንኖርና፣ ከግራና ወደ መርሳ ወይም ወደ ወልድያ ለትምህርት ሲወጣ የወር ቀለቡን በአንድ ቀን እናስጨብጠዋለን። ሳምንት ሳይሞላው ሲጨርሰው «ይህ ልጅ ከፋ» እንላለን። ታዲያ መግዛትን መቼ አስተማርነው?

«ይህ የዓለም ጉዳይ ነው፤ ከጾም ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ሁለት ሰዎችን እናስታውስ። ዔሳው ከአደን ደክሞ በመጣ ጊዜ ብኵርናውን በምስር ወጥ ለወጠ (ዘፍ. 25)። የወጡን ሽታ አየ እንጂ የሚከፍለውን ዋጋ አላሰበም። ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ ደግሞ ገና ወጣቶች ሳሉ የባቢሎን ንጉሥ ማዕድ ቢቀርብላቸው ጥራጥሬና ውኃ መረጡ (ዳን. 1)። ምስሩም ጥራጥሬውም የጾም ምግብ ነው። ነገር ግን ዔሳውን ሆዱ ገዛው፤ ዳንኤል ሆዱን ገዛ። ደግሞም ዳንኤል እንዲያው አኩርፎ አልተቀመጠም፤ ዐሥር ቀን ተሞክሮ ውጤቱ እንዲታይ ጠየቀ። ጠይቆ፣ ሞክሮ፣ አወዳድሮ መምረጥ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ልጆቻችን ከመግዛታቸው በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እናስተምራቸው።

የመጀመሪያው «ያስፈልገኛል ወይስ አማረኝ?» የሚለው ነው። ጓደኛው ስለያዘ ብቻ ስልክ ያማረው ልጅ አንድ ሳምንት ይታገሥ። ከሳምንት በኋላም ካስፈለገው እንነጋገርበታለን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል መታገሥ የቻለ ልጅ ይህን አይችልም?

ሁለተኛው «የምገዛውን አውቀዋለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ሻጩ «የጾም ብስኩት ነው» ቢለውም ገልብጦ ወተት ወይም እንቁላል እንዳለበት ያንብብ። እናቱ ማንበብ ባትችል እርሱ ያንብብላት። ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ ማብቂያው የሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነውና ከእኛ ዘመን በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማል። ይህን ያልለየ ሰው ጊዜው ያለፈበትን ምግብ «ገና ብዙ ዓመት አለው» ብሎ ይበላል። ሕጉም ቢሆን ገዢውን ረስቶት አልቀረም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለ ዕቃው በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ዕቃ ስላማረጠ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ ደንግጓል። ስለዚህ ልጃችን አይቶ «አልገዛም» ማለትን አይፈር።

ሦስተኛው «ሻጩን በድዬ ነው ወይ የምገዛው?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንወድቃለን። ልጁ የታሸገ ነገር ሲገዛ የተባለውን ዝም ብሎ ይከፍላል፤ መሬት ላይ ፓፓያ ዘርግታ ከተቀመጠች እናት ግን ዐሥር ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት ይከራከራል። ዕቃውን ሲያጣጥል ቆይቶ፣ ገዝቶ ሲሄድ ስለ ርካሽነቱ የሚመካውን ሰው መጽሐፈ ምሳሌ ታዝቦታል (20፥14)። በቆቦ ግራና ሸለቆ በመስኖ ሽንኩርት ከሚያለማ ቤት የወጣ ልጅ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የዘሩን ዋጋ፣ ሌሊት ውኃ ማጠጣቱን፣ አረሙን አይቷል። ሽንኩርቱ በአንድ ጊዜ ሲበዛ ደላላው የቆረጠውን ዋጋ ይዞ የሚመለሰው አባቱ እኮ ነው! ጠዋት ሻጭ የሆነ አባት ከሰዓት ገዢ ነው። በእርሱ ላይ ሊደረግበት የማይወደውን በሌላው ላይ እንዳያደርግ ልጁ ይማር።

ወላጆች ሆይ፣ ይህ ሁሉ በቃል ብቻ አይማርም። በዚህ ዐቢይ ጾም ጥቂት ብርና አንድ ደብተር ስጡት። ለፋሲካ የሚያስፈልገውን ልብስ ዋጋ ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቆ ይጻፍ። ያወጣውንም ይመዝግብ። በጾሙ ከቀረው ላይ ለተራበው የሚሆነውን መጀመሪያ ይለይ፤ ኢሳይያስም የጾምን ነገር ከተራበው ጋር ነው ያስተሳሰረው (58፥7)።

«ቢያጠፋውስ?» ትሉ ይሆናል። ያጥፋው! ነገር ግን አትተኩለት፣ አትስደቡትም፤ አብራችሁ ደብተሩን እዩ። በሃምሳ ብር ተሳስቶ የተማረ ልጅ ነገ በሬውን ሸጦ አይሳሳትም። ዛሬ የምንሳሳለት ሃምሳ ብር ነገ ከምናዝንበት ነገር አይበልጥም።

ሆዳቸውን የሚገዙ፣ ለሻጭም ለድኻም የሚያስቡ ልጆች እንዲሆኑልን አምላከ ዳንኤል ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።