መስመር የተሻገረ ሁሉ ከሃዲ ነውን?

በስደት በምናካሂዳቸው ክርክሮች «ከሃዲ»፣ «አድርባይ» የሚሉትን ቃላት ሳንመዝን እንወረውራለን። በኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን የኖረበትን ፓርቲ ትቶ ለተቀናቃኙ ድምፁን የሰጠ ሠራተኛ ስናይም፣ ንቃተ ኅሊና ጎደለው ብለን መዝገቡን እንዘጋለን። ለመሆኑ ታማኝነት የሚገባው ለማን ነው? ለድርጅቱ ነውን ወይስ ድርጅቱ ቆሜለታለሁ ለሚለው ሕዝብ?

ከአሜሪካ ታሪክ ሁለት ምስክሮች እንጥራ። ጥቁር አሜሪካውያን መራጮች፣ ባርነትን ያስቀረው የሊንከን ፓርቲ ነውና፣ ለብዙ ዓመታት ከሪፐብሊካኖች ጋር ጸንተው ኖሩ። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራና እንጀራ ሲነሳቸው ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1936 አብዛኞቹ ወደ ሩዝቬልት ተሻገሩ። የተሻገሩበት ፓርቲ በደቡብ የዘር መድልዎ አራማጆችን ያቀፈ መሆኑን ያውቁ ነበር። ነገር ግን የአያት ውለታ የልጅ ልጅን ረሃብ አያስታግስም። ዛሬ እነርሱን ማን ከሃዲ ይላቸዋል?

ሁለተኛው ምስክር ከዲትሮይት በስተሰሜን የሚገኘው፣ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች የሰፈሩበት ማኮም ካውንቲ ነው። በ1960 ከመቶ 63ቱ መራጭ ለዴሞክራቱ ኬኔዲ ድምፁን ሰጠ። በ1980 የዋጋ ንረቱ ከመቶ 13 በላይ ደርሶ፣ ፋብሪካዎቹም ሠራተኛ ሲያሰናብቱ፣ ካውንቲው ወደ ሪፐብሊካኑ ሬጋን አዘነበለ፤ በ1984 ከመቶ 66ቱ ሬጋንን መረጠ። ድምፅ አደራ ነው፤ አደራውን እንደ ርስት የቆጠረ ፓርቲ ቢነጠቅ ሊያማርር አይገባውም።

ይሁን እንጂ በ1985 ስታንሊ ግሪንበርግ የተባለ የምርጫ አጥኚ እነዚህን መራጮች ሲያነጋግር፣ ብዙዎቹ ለኑሯቸው መጎሳቆል ተጠያቂ ያደረጉት ጥቁሮችን ነበር። የፋብሪካው መዘጋት ግን የጥቁሩንም ሠራተኛ ቤት አንኳኩቷል። በሁለቱ ምስክሮች መካከል ያለው የሞራል ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ፓርቲያቸውን ትተዋል፣ የኋለኞቹ ግን የመከራ ባልንጀራቸውንም ጥለው ተሻግረዋል። ችግር የመጀመሪያውን ይፈቅዳል፤ ሁለተኛውን ከቶ አይፈቅድም።

ስለዚህ መስመር የተሻገረን ሰው ስንመረምር ከየት ወጣህ ከማለታችን በፊት ማንን ጥለህ ወጣህ እንበለው። ይህን ጥያቄ እኛ ስደተኞች ከማንም አስቀድመን ልናነሳው ይገባል፤ በሰው አገር ኑሮ በከበደ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ መጤው ነውና።