በቅጣትና በቁጣ መካከል

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል።»

ተረቱን የወረወሩት አክስታችን ናቸው። ቦታው የታላቅ እህቴ ሳሎን፣ ሰዓቱ ቡናው ወደ ቶና ሊሻገር ሲል። የሰባት ዓመት ልጇ «ቴሌቪዥኑን ዝጋ» ቢባል፣ ሪሞቱን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠና የጓዳውን በር ድርግም አድርጎ ገባ። እህቴ የፈንዲሻውን ሰሃን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አክስታችን ማንንም ሳያዩ፣ ስኳራቸውን እያማሰሉ ተናገሩ። ቤቱ ጭጭ አለ። ልጁ ጓዳ ነው፤ አልሰማም። ተረቱ ያረፈው እናቲቱ ላይ ነበር።

እኔን የቆረቆረኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ልጅ ሲቆጡት አያለቅስም። ይመልሳል፣ ይሳደባል፣ ያገኘውን ይወረውራል፤ የሚያለቅሰው የተቆጣው ሰው ነው። ታዲያ ተረቱ ተሳስቷል ወይስ እኛ አጥርተን አልሰማነውም?

ተረቱ ከልጅ አልፎ ለትልቅ ሰውም ይነገራል። ሥራው ሲተች ፊቱ የሚጠቁረው አለቃ፣ ሒሳቡ ሲመረመር የሚያኮርፈው ገንዘብ ያዥ ከኋላው «ያልተቀጣ» ይባላል። ፍቺው ግልጽ ነው፦ በጊዜው ያልተገራ ሰው ትንሿ ተግሣጽ ትከብደዋለች። ከዚህ ፍቺ ግን ብዙዎቻችን በአንድ እርምጃ ወደ አለንጋው እንሻገራለን። በእኛ ልጅነት ቅጣት ማለት ኩርኩም፣ ጭን ላይ የሚያርፍ ቁንጥጫ፣ ጠጠር ላይ መንበርከክ፣ ሲብስም በበርበሬ መታጠን ነበርና፣ «ያልተቀጣ» ሲባል የሚሰማን «ያልተገረፈ» ነው።

ቃሉ ከዚያ ይሰፋል። ሽማግሌዎች «የተቀጣ ልጅ ነው» ብለው ሲያመሰግኑ ሰንበር አይተው አይደለም። እንግዳ ሲገባ ብድግ የሚለውን፣ ገበታ ላይ ታላቅ እስኪጀምር እጁን የሚሰበስበውን፣ «ተው» ሲባል የሚተወውን ነው። ይህ በአንድ ቀን የሚገባ ጠባይ አይደለም፤ ቅጣት የዓመታት ሥራ ነው፣ ቁጣ የደቂቃ።

ተረቱም ይህን ያውቃል። «ያልተቀጣ» ያለፈ ነው፤ «ሲቆጡት» የአሁን። ቅጣቱ አስቀድሞ መኖር ሲገባው አልነበረም፤ ቁጣው የመጣው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ተረቱ «ቁጡት» አይልም፤ ቀድሞ ያልተሠራውን ቁጣ አይሠራውም ነው የሚለው። ደግሞም ግሡ ተገብሮ ነው፤ ያልቀጣው ማን እንደሆነ ሳይነገር ታልፏል። ልጅ ራሱን እንደማይቀጣ ግን የታወቀ ነው።

እህቴ ሕክምና ፍለጋ ስትወጣ ይህን ሁሉ አላሰብንም። የፈለገችው ልጁን ወስዶ፣ አስተካክሎ የሚመልስላት ሰው ነበር። መጀመሪያ ጠበል ወሰደችው፤ ሦስት ሳምንት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እየተነሡ። ትምህርት ቤቱ «ወይ አስታግሱት ወይ ሌላ ቦታ ፈልጉለት» አለ። አንድ የግል ክሊኒክ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳያየው የሚያስተኛ ሽሮፕ አዘዘለት። መንገዱ የቀናው አንዲት የሕፃናት ሐኪም «ከሁሉ በፊት ጆሮውን እንየው» ባለች ጊዜ ነው። በደንብ የማይሰማ፣ ንግግር የሚቸግረው፣ እንቅልፍ የማይበቃው፣ ትኩረቱ የሚበተን ወይም በፍርሃት የተያዘ ልጅ ሁሉ ከሩቅ ሲያዩት እንቢተኛ ይመስላል። የዚህ ልጅ ጆሮ ደህና ነበር። ወደ ሥነ አእምሮ ክፍል ተላከ።

እዚያ የሰማነው ስም «የተቃውሞና የእንቢተኝነት መታወክ» የሚል ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በመመሪያው ውስጥ መጀመሪያ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በ2013ቱ እትም ስምንት ምልክቶች ተዘርዝረዋል፤ ቶሎ መናደድ፣ ከትልቅ ሰው ጋር መከራከር፣ ትእዛዝ መጣስ፣ ሆን ብሎ ማናደድ፣ ጥፋትን በሌላ ማላከክ፣ ቂም መያዝ ከእነዚህ ናቸው። ቢያንስ አራቱ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር፣ ከወንድምና ከእህት ውጪ ባለ ሰው ላይም ሊታዩ ይገባል። ለዕድሜው ከሚጠበቀው መብለጡም ይመዘናል፤ የሁለት ዓመት ሕፃን «እንቢ» ማለቱ እድገት እንጂ በሽታ አይደለም። ለዚህ መታወክ ብቻ ተብሎ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ያጸደቀው መድኃኒት የለም። መድኃኒት የሚታዘዘው አብሮ የሚገኝ ሌላ ችግር፣ ለምሳሌ የትኩረት ማነስ፣ ሲኖር ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያው በመጀመሪያው ቀን ሦስት ወንበር ደረደረ፤ ለእናት፣ ለአባት፣ አብረው ለሚኖሩት አክስታችን። እህቴ ተናደደች። «የታመመው እኮ ልጁ ነው!» እሱም «ልጁ በሳምንት አንድ ሰዓት እኔ ጋ ነው፤ 167ቱን ሰዓት እናንተ ጋ» አላት።

ቀጥሎ የቤታችንን ታሪክ ቤታችን ገብቶ ያየ ያህል ነገረን። እናት «ስልኩን አስቀምጥ» ትላለች። ልጁ ያጉረመርማል፣ ይጮኻል፣ ይወረውራል። እናት ደክሟት «እንደፈለግህ!» ብላ ትተወዋለች። ልጁ ጩኸት እንደሚያዋጣ ተማረ። በማግስቱ እናት ከእሱ አብልጣ ትጮኻለች፤ ያን ቀን ደንግጦ ይታዘዛል። እናትም ጩኸት እንደሚያዋጣ ተማረች። ሁለቱ ሳያውቁት እርስ በርስ ይሠለጥናሉ። ይህን ዑደት በኦሪገን ቤተሰቦችን ለዓመታት የተከታተለው ተመራማሪ ጄራልድ ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር ጽፎታል። ተረታችን በግማሽ መስመር የነካው ይኸው ነው።

ሕክምናው ታዲያ ቁጣን ቀንሶ ቅጣትን፣ ያውም በሽማግሌዎቹ ትርጉም፣ መጨመር ሆነ። በየቀኑ አምስት ደቂቃ ልጁ በመረጠው ጨዋታ አብሮ መቀመጥ፤ ትእዛዝ፣ ጥያቄ፣ ነቀፋ የለም። ሲያመሰግኑት «ጎበዝ» ብሎ ማለፍ ሳይሆን «ኳሱን ለእህትህ ስላቀበልካት ደስ አለኝ» ማለት። ትእዛዝ አንድ በአንድ፣ አጭርና ግልጽ፤ «ለምን አታርፍም?» ሳይሆን «ጫማህን መደርደሪያው ላይ አስቀምጥ»። እንቢ ካለ ትንሽ፣ ወዲያው የሚደርስ፣ የማይቀር ዋጋ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሺላ አይበርግ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዳበረችው፣ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ ሕክምና ይህንኑ ያስተምራል። ባለሙያው ከመስተዋት ኋላ ሆኖ በእናቲቱ ጆሮ ባለ ማዳመጫ «አሁን አመስግኚው» ይላታል። እኛ መስተዋት አልነበረንም፤ ቤት ውስጥ በስልክ ቀርጸን እያሳየን ተማርን።

ማንም ያልነገረን አንድ ነገር ነበር፦ መጀመሪያ ይብሳል። በፊት በአንድ ጩኸት ያገኘውን ሲከለከል ልጁ ሦስት ጮኸ። በሁለተኛው ሳምንት እህቴ ልታቆም ነበር። ያኔ ብትተወው ኖሮ፣ የሚያዋጣው ሦስት ጩኸት እንደሆነ ባስተማረችው ነበር።

ተረቱ የሚሰበርበት ቦታም አለ። እዚያው ቤት፣ በዚያችው እናት እጅ ያደገችው ታላቅ እህቱ አንድ ጊዜ መናገር የሚበቃት ልጅ ናት። ሁለቱም እኩል «ተቀጥተዋል»፤ አፈጣጠራቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ እንቢተኛ ልጅ ባዩ ቁጥር እናቱን መክሰስ ግፍ ነው። ሌላም አለ፤ በየቀኑ የሚገረፍ፣ በቃኝ ብሎ እንባው የደረቀ ልጅ ሲቆጡት አያለቅስም። ተረቱን ቃል በቃል ብንይዘው የተቀጣው እሱ ነው ልንል ነው። ሕጋችንም በሁለት አፍ ይናገራል፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ከአካል ቅጣት ሲጠብቅ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ደግሞ ሕግን እስካልጣሰ ድረስ ለአስተዳደግ ሲባል ለሚወሰድ የቅጣት እርምጃ በር ትቷል።

ባሕር ማዶ ሲሻገር ተረቱ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ዘመዳችን ስለ ልጇ ጠባይ ትምህርት ቤት ስትጠራ ያስተረጎመላት ልጁ ራሱ ነበር። «መምህሯ ጎበዝ ነው አለች» ብሏት አረፈው። እዚያ አገር ወላጅ በጽሑፍ ጠይቆ በመንግሥት ትምህርት ቤት ልጁን በነፃ ማስመርመር፣ አስተርጓሚም መጠየቅ እንደሚችል የሰማችው ዘግይታ ነው። ቁጣን በሚቆጡት ልጅ አፍ ማስተርጎም አይሆንም።

ሕክምና ለሚፈልግ ወላጅ ከዚህ ሁሉ የምተወው ጥቂት ጥያቄ ነው። ከእኔስ ጋር ትሠራለህ? በዚህ ሳምንት ቤት ውስጥ ምን ላድርግ? መሻሻሉን በምን እንለካዋለን? ልጁን ብቻውን ለወራት እያስገባ ወላጅን በር ላይ የሚያስቀምጥ ባለሙያ ከሆነ ሌላ መፈለግ ይሻላል። ልጁ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ከተነሣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

የእህቴ ልጅ ዛሬም በር ይደበድባል፤ በፊት በቀን፣ አሁን በሳምንት። ያለፈው እሑድ ቡና ላይ እናቱ ስልኩን ከለከለችው። አጉረመረመና እንደ ድሮው ወደ አክስታችን ዞረ፤ እናቱ ስትነፍገው የእሳቸውን ስልክ ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ሲያቀብሉት የኖሩት እሳቸው ናቸውና። ተረቱን የወረወሩትም እሳቸው። እጃቸው ወደ ነጠላው ሄደ። ከዚያ እህቴን አዩ፣ እጃቸውን መለሱ።

«እናትህን ጠይቅ» አሉት።