የሐና ጸሎትና «ከመቶ ስንት?» የሚለው ጥያቄ



ሐና በሴሎ ድምፅዋን ሳታሰማ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች በጸለየች ጊዜ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ገሠጻት (1ሳሙ. 1)። ልጅ በማጣት የተጨነቀችን ሴት ሐዘን አለመረዳት ከጥንት የነበረ ስሕተት ነው፤ እኛ ካህናትም ከዚህ ነጻ ነን ለማለት አልደፍርም። በየቤተ ዘመዱ «መካን» የሚለው ቃል ዛሬም የሚወረወረው በሚስት ላይ ነው። ሐኪሞች ግን ምክንያቱ በወንዱም በኩል፣ አንዳንዴም በሁለቱም ዘንድ እንደሚገኝ ካረጋገጡ ቆይተዋል፤ ስለዚህ ምርመራው የሁለቱም ሊሆን ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ ሀገር ከማኅፀን ውጭ የተፀነሰችው የመጀመሪያዪቱ ሕፃን ከተወለደች ወዲህ ይህ አሠራር በዓለም ተሰራጭቷል። በሀገራችንም በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2019 የመንግሥት የሆነውን የመጀመሪያ ማእከል ከፍቷል። ወደ እንዲህ ያለው ሕክምና የሚያመሩ ባልና ሚስት «ከመቶ ስንቱ ይሳካል?» ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን በጥንቃቄ ይስሙ። የተቆጠረው እርግዝና ነው ወይስ በሕይወት የተወለደ ሕፃን? የሴቲቱስ ዕድሜ ስንት ነው? ቁጥጥሩ በጠበቀባት በእንግሊዝ ሀገር እንኳ፣ በራሳቸው እንቁላል ከሚታከሙትና ከ35 ዓመት በታች ከሆኑት ሴቶች ዘንድ፣ ወደ ማኅፀን ከሚገባው ጽንስ ለልደት የሚበቃው ሲሶ ገደማ ነው፤ ከ40 ዓመት በኋላ ከዐሥር አንድ ያህል ሆኖ ከዚያም እያነሰ ይሄዳል። ጥሪትን ከመሸጥ በፊት ይህን መረዳት ይበጃል።

ነገር ግን በዚህ ስሌት ውስጥ የማይገቡ አሉ። ብዙ ጽንስ በተገኘ ጊዜ ወደ ማኅፀን የሚገባው አንድ ወይም ሁለት ነው፤ የቀሩት ቀዝቅዘው ይቀመጣሉ ወይም ይጣላሉ። «ተሳካ» ተብሎ ሲጻፍ እነርሱን የሚቆጥር የለም። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን «የሕይወት ስጦታ» በተሰኘው የ1987 መመሪያ፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ሰነድ፣ የሰው ልጅ ከተፀነሰበት ቅጽበት ጀምሮ እንደ ሰው ሊከበር እንደሚገባው አስተምራለች። ልጅም የባልና ሚስት አንድነት ፍሬ ሆኖ የሚቀበሉት ስጦታ እንጂ በቤተ ሙከራ የሚሠራ አይደለም። ስለዚህ ይህን አሠራር በባልና ሚስት የራሳቸው ዘር ቢደረግም እንኳ አትፈቅድም። ትምህርቱ ከባድ ነው፤ ቀላል አስመስሎ የሚሰብክ ካለ፣ ከሚያለቅሱት ጋር አላለቀሰም።

ይሁን እንጂ «ሕክምና ክልክል ነው» ብሎ የሚያስተምር ካቴኪስት ቢኖር ተሳስቷል። የተዘጋ የማኅፀን ቱቦን በቀዶ ጥገና መክፈት፣ እንቁላል በወቅቱ እንዲወጣ በመድኃኒት መርዳት፣ ኢንፌክሽንን ማከም፣ የመፀነሻ ቀናትን መከታተል፣ ይህ ሁሉ የባልና ሚስትን አንድነት የሚረዳ እንጂ የሚተካ ስላልሆነ የተፈቀደ ነው። ከማኅፀን ውጭ ተፀንሶ የተወለደውም ሕፃን እንደማንኛውም ሕፃን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ለጥምቀት ሲመጣ አፀናነሱን የሚጠይቅ አይኑር።

ሕልቃና ሐናን ገና ሳትወልድ ይወዳት ነበር። ምሥጢረ ተክሊልም ልጅ በመታጣቱ አይጎድልም። በየቁምስናው ያላችሁ መምህራን ለጋብቻ የሚዘጋጁትን ስታስተምሩ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በክርስትና ግብዣም ላይ «የእናንተስ መቼ ነው?» የሚለውን ጥያቄ እንድታስቀሩልን እለምናችኋለሁ።