ዝረራ ብቻውን ታላቅ ያደርጋልን?

ሰው ከጥንት ጀምሮ ጉልበትን ሲያደንቅ ኖሯል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጉልበት ወዲያው በዓይን ሲታይ ብልኃትና ትዕግሥት ግን በጊዜ ብዛት የሚገለጡ ናቸው። ስለዚህም በከባድ ሚዛን የቦክስ ውድድር ከሁሉ ይልቅ የሚጨበጨብለት ባላጋራውን በአንድ ቡጢ የሚዘርረው ሰው ነው። እኛም ልንመረምረው የፈለግነው ይህንኑ ነው፤ የመዘረር ኃይል ብቻውን ቡጢኛን ታላቅ ሊያሰኘው ይችላልን? የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ለጉልበት የሚገባውን ክብር እንስጠው። በከባድ ሚዛን ዘጠኝና ዐሥር ዙር ተለፍቶ የተገኘው የነጥብ ብልጫ በአንድ ቅጽበት ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ብርቱ ክንድ ያለው ሰው የመጨረሻው ደወል እስኪደወል ድረስ ተስፋው አይቈረጥም።

ይሁን እንጂ ተስፋና ታላቅነት አንድ አይደሉም። አሜሪካዊው ኧርኒ ሼቨርስ ከ60 በላይ ግጥሚያዎችን በዝረራ ያሸነፈ ሰው ነበር። ነገር ግን በ1977 ከመሐመድ አሊ ጋር 15 ዙር ተጋጥሞ በነጥብ ተሸነፈ። በ1979 ደግሞ ላሪ ሆምስን በ7ኛው ዙር ከመሬት ጣለው፤ ሆምስ ግን ተነሥቶ በ11ኛው ዙር አሸነፈው። ሼቨርስ የዓለም ሻምፒዮን ሳይሆን ኖሮ በ2022 ዐረፈ። ክንዱ ሰውን መጣል ያውቅ ነበር፤ የወደቀው ሲነሣ ምን እንደሚደረግ ግን ክንድ ብቻውን አያስተምርም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያብራራልን የጆርጅ ፎርማን ታሪክ ነው። ፎርማን በ1973 በጃማይካ ጆ ፍሬዚየርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ ጥሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1974 የዛሬዪቱ ዲሞክራቲክ ኮንጎ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ኪንሻሳ ሲሄድ ዕድሜው 25 ዓመት ነበር፤ 40 ጊዜ ተጋጥሞ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም፤ 37ቱንም የጨረሰው በዝረራ ነው። መሐመድ አሊ ግን ገመዱን ተደግፎ፥ ፊቱን በክንዶቹ ከልሎ፥ ያ አስፈሪ ጉልበት በከንቱ እስኪያልቅ ጠበቀው። በ8ኛው ዙር የወደቀው ፎርማን ሆነ። የተሸነፈውም ጉልበት አንሶት አይደለም፤ ጉልበቱ እንቢ ባለው ጊዜ የሚጠቀምበት ሌላ መሣሪያ ስላላበጀ ነው።

ፎርማን በ1977 ቦክስን ትቶ ዐሥር ዓመት ወንጌል ሲሰብክ ቈየ፤ በ1987ም ተመለሰ። በ1994 የ26 ዓመቱን ሻምፒዮን ማይክል ሙረርን ሲገጥም የ45 ዓመት ሰው ነበር። ከማእዘኑ ቆሞ የሚመክረው አንጀሎ ዳንዲ በኪንሻሳ የአሊ አሠልጣኝ የነበረው ሰው ነው። ፎርማን ዘጠኝ ዙር በነጥብ ተበልጦ ሳለ አልተጣደፈም፤ ግራ እጁን እያስቀደመ ባላጋራውን ሲያጠና ቈይቶ በ10ኛው ዙር በአጭር የቀኝ ቡጢ አገጩን መትቶ ዘረረው። በከባድ ሚዛን ታሪክም በዕድሜ የገፋው ሻምፒዮን ለመባል በቃ።

«ታዲያ በመጨረሻ ያሸነፈው ያው ዝረራ አይደለምን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያ ጉልበት ባይኖር ፎርማን በነጥብ ተሸንፎ ይወጣ እንደ ነበር አንክድም። ነገር ግን በ25 ዓመቱ ሰውዬው ጉልበቱን ተከትሎ ሄደ፤ በ45 ዓመቱ ጉልበቱ ሰውዬውን ተከትሎ መጣ። ጉልበት ስጦታ ነው፤ ታላቅነት ግን የስጦታው ባለቤት ስጦታው ባልበቃው ሰዓት በሚያደርገው ነገር የሚለካ ይመስለናል።

ይህም ፍርድ ለቡጢኞች ብቻ የሚነገር አይደለም። ለባለሥልጣን ትእዛዙ፥ ለመምህር ቁጣው፥ ለተማሪ የአእምሮው ፍጥነት እንደ ብርቱ ክንድ ናቸው፤ ብዙውን ጉዳይ በመጀመሪያው ዙር ይጨርሱለታል። ሁልጊዜም ስለሚሳካለት ሌላ ነገር መማር አያስፈልገኝም ብሎ ያስባል። በትእዛዝ የማይፈታ የባለጉዳይ አቤቱታ፥ በቁጣ የማይገባው ልጅ፥ በአንድ ንባብ የማይገለጥ ትምህርት በገጠመው ቀን ግን ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ክንዳችን ገና ሳይዝል፥ ድሉም ሳይርቀን፥ ትዕግሥትንና ምክር መቀበልን ብንለማመድ መልካም ነው። ምክሩ ትናንት ካሸነፈን ወገን ቢመጣ እንኳ ልናፍርበት አይገባንም።