ውዝፉ የማን ነው?

በአማርኛችን «ግብር» የምትለዋ ቃል ባለ ሦስት ደጅ ናት። ለመንግሥት የሚከፈለው ግብር ይባላል። በጥንቱ ዘመን ንጉሡ አዳራሹን አስከፍቶ መኳንንቱንና ወታደሩን ሲያበላም «ግብር አበላ» ይባል ነበር። ሦስተኛው የሰው ሥራውና ጠባዩ ነው፤ «ግብሩ አያምርም» እንላለን፣ «ግብረ ገብ የለውም» እንላለን። ሥራቸው አንድ ነው፤ ሦስቱም ገብረ፣ ማለትም ሠራ፣ አደረገ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጡ ናቸው። ቃሉን ካመንነው፣ የሚሰጠው ነገር፣ የሚበላው ነገርና የሰጪውም የበላተኛውም ጠባይ የተያያዙ ናቸው። እርግጥ በዚያ ዘመን የገበረ ሁሉ አልበላም። ገባሩ ያረሰውን አዳራሽ የሚቀመጠው በላው። በአገራችን በግብር ላይ ያለው ቅሬታ ዕድሜው ከዚያ ይጀምራል።

ዛሬ ያ ቅሬታ ከተማ ገብቷል። መርካቶ ውስጥ በርበሬ በረንዳ፣ ጆንያ በተፈታ ቁጥር መንገደኛው በሚያስነጥስበት፣ ሴቶች ተደርድረው በርበሬ በሚቀነጥሱበት ስፍራ ስለ ግብር ወሬ ከተነሣ ሁለት ዓረፍተ ነገር መስማት አይቀርም። አንደኛው «ጨመሩብን» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እኔ ስከፍል እሱ አይከፍልም» የሚል ነው። ሁለቱ በአንድ እስትንፋስ ስለሚነገሩ አንድ ይመስላሉ። አንድ ግን አይደሉም። የመጀመሪያው በመንግሥትና በዜጋ መካከል ያለ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ነው። ይህ ጸሐፊ ሁለተኛው ከአንደኛው ይከብዳል ባይ ነው።

መጀመሪያ ጭማሪውን ከሥሩ እንየው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በተከታዩ ዓመት አዋጅ ቁጥር 80/1968 የከተማ ቦታ ኪራይንና የከተማ ቤት ግብርን ደነገገ። ሕዝቡ በአጭሩ «የጣሪያና ግድግዳ» የሚለው ይኸው ነው። ግብሩ የሚታሰበው ቤቱ በዓመት ሊያስገኝ ይችላል ከሚባለው የኪራይ ግምት ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ደርግ ወደቀ፣ የብሩ ዋጋ ረከሰ፣ ከተማዋ ወደ ጎንም ወደ ላይም አደገች፤ ግምቱ ግን ከገበያው ጋር አልተራመደም። የአንዳንዱ ቤት የዓመት ግብር ከጥቂት ኪሎ በርበሬ ዋጋ የማይበልጥበት ጊዜ መጣ። እንዲህ ተኝቶ የቆየው ግምት በ2015 ዓ.ም. በድንገት ተቀሰቀሰ። የአዲስ አበባ አስተዳደር አሻሽዬዋለሁ ባለው ግምት መሰብሰብ ሲጀምር የብዙዎች ክፍያ በብዙ እጥፍ ናረ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሕግ አውጪው ሳይወስን ግብር መጨመር ይቻላል ወይ የሚል ክርክርም ተነሣ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017ን አጸደቀ። በዚህ አዋጅ መሠረት ግብሩ የሚታሰበው ከንብረቱ የገበያ ዋጋ ሩቡ ተወስዶ ነው።

እንግዲህ ፍርድ እንስጥ ብንል ከሁለቱም ወገን እውነት እናገኛለን። ባለቤቱ «በዝቷል» ሲል ለዓመታት በርካሽ መክፈሉን አይናገርም። ቤቱን በገበያ ዋጋ ሲያከራይ፣ በገበያ ዋጋ ሲሸጥ፣ ግብሩን ብቻ በ1968 ዋጋ ይከፍል ነበር። ከዚህ ርካሽነት እጅግ የተጠቀመው ብዙ ቤት ያለው ነው። ቤት የሌለው ተከራይ ምንም አላገኘም። በመንግሥት ቤት በጥቂት ብር ተከራይቶ ለሌላው በብዙ እጥፍ የሚያከራየውም «ግፍ ተሠራብን» ከሚሉት ጋር ቆሞ ሲጮኽ ማየት ያስገርማል።

በሌላ በኩል ደግሞ በአንድ ክፍል ጡረታዋን የምትጠብቅ እናት አለች። ቤቷ መሀል ከተማ ስለሆነ በወረቀት ላይ ሚሊየነር ናት። ነገር ግን ጣሪያ አይበላም፤ ግድግዳም ተፈርፍሮ አይጠጣም። የገበያ ዋጋ የሚባለው ቤቱን ለሸጠ ሰው ነው። እሷ ደግሞ የምትሸጠው ቀብሯ ላይ ነው። «ቤትሽ ውድ ነውና ክፈይ» ስንላት «ቤትሽ ውድ ነውና ውጪ» እያልናት እንዳይሆን ማሰብ ይገባል። ለዚህ መላ ያገኙ አሉ፤ በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አረጋዊ ባለቤት ግብሩን አዘግይቶ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ እንዲከፈል ማድረግ ይችላል። ዕዳው አይሰረዝም፤ ሰውየው ግን ከቤቱ አይወጣም።

ጭማሪን ጨርሶ በሕግ ማገድስ? የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1978 ሞክራዋለች። በሕዝብ ድምፅ ግብሩ ከተገመተው ዋጋ አንድ በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከሁለት በመቶ በላይ እንዳያድግ ወሰነች። አረጋውያን በቤታቸው ቀሩ። ነገር ግን ጎን ለጎን በቆሙ ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች አንዱ ከሌላው ብዙ እጥፍ መክፈል መጣ፤ ምክንያቱ ዘግይቶ መግዛቱ ብቻ ነው። ቀድሞ የገባው ከኋላ ለመጣው ሸክሙን ትቶለታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ውዝፉ እንምጣ።

የመርካቶ ነጋዴ ዕቁብ አያሳልፍም። ገበያው ቢቀዘቅዝ ተበድሮም ቢሆን ይጥላል። ያው ሰው የመንግሥቱን ግብር ግን «ይቆይ» ይላል፤ ወለድና ቅጣት እስኪጨመርበት፣ ከዚያም «አንድ ቀን ምሕረት ይመጣል» ብሎ ይጠብቃል። ለምን? ሰውየው በዕቁብ ሐቀኛ፣ በግብር ቀጣፊ ሆኖ አልተፈጠረም። በዕቁብ የሚጎዳውን ሰው ፊቱን ያውቀዋል። ዕጣ የወጣለት ሰው ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም ይፈርማል። ባይከፍል ማን እንደሚከፍልለት ሁሉም ያውቃል። በግብር ግን የሚጎዳው «መንግሥት» የሚባል ፊት የሌለው ነገር ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ። ከተማዋ መንገድ ልትጠርግ፣ ውኃ ልትስብ፣ እሳት ልታጠፋ ያሰበችው ገንዘብ ከአንዱ ከጎደለ ከሌላው ትፈልገዋለች፤ ካልሆነም ሥራው ሳይሠራ ይቀራል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪናና መግቢያ መንገድ ለከፋዩ ብቻ ወይም ለአሳላፊው ብቻ የሚያስፈልግ አልነበረም። ስለዚህ በወቅቱ የከፈለው ሰው ላልከፈለው ዋስ ሆኗል ማለት ነው፤ ያውም ሳይጠየቅ፣ ሳይፈርም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ከሃምሳው ሠላሳው እጃቸውን ቢሰበስቡ ግን ለቀሩት ሃያዎች ጌጥነቱ ቀርቶ ሸክም ይሆናል።

ነገሩን በበርበሬ እንመስለው። ንጹሕ በርበሬ የሚሸጥና ባዕድ ነገር የሚቀላቅል ሁለት ነጋዴ በአንድ በረንዳ ቢቀመጡ፣ ቀላቃዩ በርካሽ ይሸጣል፤ ንጹሑ ገበያ ያጣል። ቀላቃዩ ሳይያዝ በቆየ ቁጥር ንጹሑን «ቀላቅል ወይም ዝጋ» እያለው ነው። ግብር የማይከፍልም እንዲሁ ነው፤ የራሱን ወጪ ከመቀነስ አልፎ የሐቀኛውን ሐቀኝነት ያስወድድበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የግሪክ ግብር ሰብሳቢዎች በአቴና ዳርቻ የመዋኛ ገንዳ ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ሲቆጥሩ 16,974 ማግኘታቸው ተዘግቦ ነበር፤ አለን ብለው ያስመዘገቡት ግን 324 ብቻ ነበሩ። ገንዳ ያለው ሲደብቅ ገንዳ የሌለው ደመወዝተኛ ይከፍላል።

ምሕረትስ? ምሕረት አገራችን የምታውቀው ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሣ ብሩ ብቻ አልነበረም ያስነሣው፤ መሬቱ ይለካል፣ ከተለካ ርስቱ ይሄዳል የሚል ሥጋት ነበረበት። መንግሥት ጦር ልኮ ሞከረ፤ በኋላ አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሣ፣ ውዝፉንም ማረ። በቅርቡም፣ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ፣ እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ ያለ ውዝፍ የግብር ዕዳ እንዲሰረዝ ተወስኗል። ወረርሽኝ በገባበት ሰዓት የወደቀን ማንሣት መልካም ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ወርቋን ሸጣ በወቅቱ የከፈለች ሴት ምን ተባለች? ምንም። ምሕረት ላልቻለ ሲሰጥ ርኅራኄ ነው፤ ላልፈለገ ሲሰጥ ግን ለከፋዩ «ሞኝ ነበርክ» ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ያልቻለውንና ያልፈለገውን ሳይለዩ ሁለቱንም አንድ ላይ መማርም፣ አንድ ላይ ማሸግም ያው ነው።

«ታዲያ መንግሥትስ ምን ሠራልኝ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ የተረተ ሕዝብ ግብሩ የት እንደሚገባ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ግን ከዚህ ተነሥቶ «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» ወደሚለው መሻገር የሚያዋጣ አይደለም። ግብር የከለከለ ሰው የሚቀጣው ሙሰኛውን ሹም ሳይሆን በረንዳ የሚጋራውን ጎረቤቱን ነው። ሹሙ እንደሆነ የጎደለውን ከዚያው ጎረቤት ይሞላል።

ይህ ማለት መንግሥት ዕዳ የለበትም ማለት አይደለም። እንዲያውም ትልቁ ባለ ውዝፍ እሱ ነው። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ በግብር ላይ ጥቂት አለመታወቅ ከብዙ አለመመጣጠን የከፋ ክፉ ነገር ነው ብሎ ተከራክሯል። እኛም አይተነዋል። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በየከተማው ሱቆች የተዘጉት ገማቹ በምን እንደ ገመተ ነጋዴው ስላላወቀ ጭምር ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. መርካቶ በደረሰኝ ቁጥጥር ሰበብ ሱቁን ሲዘጋም «ዕቃ ይወረሳል» የሚል ወሬ ከሕጉ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ዓመታት ግምት ሳያሻሽሉ ተኝቶ በአንድ ሌሊት መንቃትም የመንግሥት ውዝፍ ነው፤ የራሱን ስንፍና ለዜጋው በአንድ ጊዜ ማስከፈል ነው። የግምቱን ስሌት ግልጽ አለማድረግ፣ አቤት ባይን ማንገላታት፣ የተሰበሰበው በየወረዳው ምን እንደ ሠራ አለመናገር፣ እነዚህም በየዓመቱ ወለድ የሚወልዱ ናቸው።

የዕቁብ ሕግ ለዚህ በቂ ትምህርት አለው። ጣዩ ስንት እንደሚጥል አስቀድሞ ያውቃል። መዝገቡ በሁሉም ፊት ይነበባል። የዘገየው ለምን እንደ ዘገየ ይጠየቃል፤ የታመመውን ይታገሡታል፣ ያጭበረበረውን ዋሱን ይይዙበታል። ዳኛውም ራሱ ይጥላል። ከተማችን ይህን አራቱን ብታደርግ «ጨመሩብን» የሚለው ቅሬታ ባይጠፋም ይረግባል፤ ጭማሪ የሚወድ ሰው የለምና። «እኔ ስከፍል እሱ አይከፍልም» የሚለው ግን ሊጠፋ ይችላል፤ መጥፋትም ያለበት እሱ ነው። ግብር ሲበዛ ኪስ ይጎዳል፤ በእኩል ሳይሰበሰብ ሲቀር ግን ሰው ጎረቤቱን መጠርጠር ይለምዳል። የጎደለ ኪስ በሌላ ገበያ ይሞላል፤ የጎደለውን መተማመን በየትኛው ገበያ እንደምንገዛው እንጃ።