የጠላት አጽም የማን ነው?

ባለፈው ክረምት ውጫሌ፣ አያቴ ቤት ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አያለሁ። እንግሊዝ አገር፣ እርሻ መሃል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወደቀ የጀርመን አውሮፕላን ይቆፈራል። አፈሩን በወንፊት ይነፋሉ፤ ብረቱን ለብቻ፣ አጥንቱን ለብቻ ያስቀምጣሉ። አያቴ ጠጋ አለችና «ምን ጠፍቷቸው ነው?» አለችኝ።

«የአብራሪውን አጽም ነው የሚፈልጉት።»

«ወገናቸው ነው?»

«አይ፣ ቦምብ ሊጥልባቸው የመጣ ነው።»

ዝም አለች። ቆይታ ግን «እናቱስ ሳታውቅ ነው የሞተችው?» አለች።

እኔ እንደዚያ አላሰብኩም ነበር። የመጣልኝ ደሴ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመቷል። በዚያው ዓመት ሰኔ 20፣ ወለጋ ቦናያ ላይ፣ የጥቁር አንበሳ አርበኞች ያረፉ ሦስት አውሮፕላኖችን አቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮን ከነባልደረቦቹ ገደሉ። ደግ አደረጉ እላለሁ፤ አሁንም። ታዲያ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምን ወንፊት ያስፈልገዋል?

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ዳታቤዝ ውስጥ «ዜሮ» እና «ባዶ» አንድ አይደሉም። ዜሮ መልስ ነው፤ ባዶ ግን መልሱ ገና አልመጣም ማለት ነው። ልጇን የቀበረች እናት ዜሮ ይዛለች። ልጇ የጠፋባት ግን ባዶውን ይዛ በር በሩን ታያለች። አሜሪካ እስከዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጠፉ ወታደሮቿን የምትፈልገው ለዚህ ይመስለኛል። እንግሊዝም በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የወደቀ የጦር አውሮፕላን ያለ ፈቃድ አይቆፈርም፤ የጠላትም ቢሆን።

አጽም ማውጣት ይቅርታ አይደለም። አብራሪው ያደረገው እንዳለ ይቆያል፤ እንዲያውም ስሙ ሲታወቅ ጥፋቱም ባለቤት ያገኛል። እናቱ ግን ቦምብ አልጣለችም።

ይህን ሩቅ አገር ላይ ማለት ቀላል ነው። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ በውጫሌና በሐይቅ አልፎ ደሴ ገባ። ከአያቴ ጋር ቡና የምትጠጣ ጎረቤት አለች፤ ልጇ እንደወጣ አልተመለሰም። የት እንደወደቀ የሚያውቅ ገበሬ ምናልባት አለ፤ ምናልባት ያ ገበሬ «የጠላት ነው» ብሎ ዝም ብሏል። እኛም እርሻችን ላይ ስማችን የማይጠራው ሰው አጽም ቢገኝ፣ ዝም ከማለታችን በፊት አያቴ የጠየቀችውን እንጠይቅ።