ልቡን ማን ከፍቶ አየ?



በአንድ ክረምት በሰፈራችን የአንዲት ዓይነ ስውር እናት ቤት ግድግዳ በዝናብ ተናደ። እኛ የመስጂዱ ጀመዓዎች ስለ መዋጮው ስንመካከር፣ አንድ ጎረቤታችን እንጨትና ሚስማሩን ይዞ መጣ፤ ጭቃውን አቡክቶ በሦስት ቀን ግድግዳውን አቆመላቸው። ይህ ሰው «ሃይማኖት የለኝም» ብሎ በግልጽ የሚናገር ነው። ከመድረሳ ልጆቼ አንዱ «ኡስታዝ፣ የማይሰግድ ሰው አጅር ለማያገኝበት ሥራ ለምን ይለፋል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሳላሰላስል «ለይዩልኝ ነው» አልኩት። ልጁ ዝም አለ። እኔን ግን ቃሉ ዕረፍት ነሳኝ።

ይህን ቃል ቀድሞ የተናገረው ማን እንደሆነ አውቃለሁና። በመዲና ሶሐባዎች ሰደቃ ሲያመጡ፣ ብዙ ያመጣውን ሙናፊቆቹ «ለታይታ ነው» አሉት። አንድ ሷዕ ብቻ ያመጣውን ደግሞ «አላህ ከዚህ የተብቃቃ ነው» ብለው ተሳለቁበት። የሱረቱ አት-ተውባ 79ኛው አንቀጽ የሚወቅሰው ይህን ነው። አንቀጹ የወረደው ምእመናን ስለተነወሩ መሆኑ እውነት ነው፤ በሽታው ግን አንድ ነው፤ ልብን ሳያዩ በልብ ላይ መፍረድ። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድም በዘመቻ ላይ ሸሃዳ ያለን ሰው «ፈርቶ ነው» ብሎ በገደለ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልቡን ሰንጥቆ አይቶ እንደሆነ ጠይቀውታል።

«ታዲያ የሱ ሥራና የምእመን ሥራ እኩል ነውን?» የሚል አይጠፋም። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባናል። አንደኛው አላህ ዘንድ ያለው ተቀባይነት ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን በጃሂሊያ ዘመን ዝምድናን የሚቀጥል፣ ድሃን የሚያበላ ሰው ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ይህ ይጠቅመው እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድም ቀን ጌታውን ምሕረት ስላልለመነ እንደማይጠቅመው ነግረዋቸዋል። ይህን እኛ አንቀይረውም።

ሁለተኛው ግን በእኛ ላይ ያለው ሐቅ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጧኢፍ ሲመለሱ መካ እንዲገቡ ከለላ የሰጣቸው ሙጥዒም ኢብኑ ዐዲ በሺርክ ላይ እንዳለ ሞተ። ከበድር ዘመቻ በኋላ፣ በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ሙጥዒም በሕይወት ኖሮ ስለ ምርኮኞቹ ቢያማልድ ኖሮ ለእሱ ሲሉ እንደሚለቋቸው ተናገሩ። የሙጥዒምን ውለታ «ለጎሳ ክብሩ ነው» ብለው አላጣጣሉትም። በሕይወት ላለ ሰው ደግሞ በሩ ክፍት ነው። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም ከመስለሙ በፊት ስለሠራው በጎ ሥራ ሲጠይቅ፣ ያንን መልካም ይዞ እንደሰለመ ተነግሮታል።

በአንጻሩ እኛንም «ጀነት ፈልጋችሁ እንጂ ለሰው አዝናችሁ አይደለም» የሚሉን አሉ። ይህም ያው የልብ ፍርድ ነው። አባቱን ለማስደሰት ታናሽ ወንድሙን የሚንከባከብ ልጅ ወንድሙን አይወድም ይባላልን? ሱረቱ አል-ኢንሳን የሚያወድሳቸው ሰዎች የአላህን ፊት ፈልገው ያበላሉ፤ ከተቀባዩ ግን ዋጋም ምስጋናም አይሹም። ከአላህ መከጀል ድሃውን ከውለታ ዕዳ ነፃ ያወጣዋል።

ውድ አንባቢያን፣ «ለይዩልኝ» የሚለው ጥያቄ ቦታው የራሳችን ልብ ነው። በቂያማ ቀን መጀመሪያ ከሚፈረድባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ «ቸር ነው» እንዲባል የሰጠ ነው። ያ ጎረቤታችን ጭቃ ሲረግጥ እኛ የሰጪዎች ስም በድምፅ ማጉያ ይነበብ ወይስ አይነበብ እያልን እንከራከር ነበር!

በማግስቱ ልጆቹን ሰብስቤ «ትናንት የተናገርኩት ስህተት ነው። ልቡን አላየሁም፤ ያየሁት እጁን ነው፤ እጁ መልካም ሠርቷል» አልኳቸው። ሰውን የማያመሰግን አላህን አያመሰግንምና፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤቱ ሄጄ አመሰገንኩት።

አላህ የኛን ኒያ ያጥራልን፤ እሱንም ወደ ቀናው መንገድ ይምራው። ወላሁ አዕለም።